ዘውዴ በየትኛው ወገን ነበር

ፒያሳ ላይ ሰው የሚቀጥረኝ አሁን አሁን በሌለ ነገር ሆኗል። «የድሮው ወርቅ ቤት ጥግ» ይሉኛል፤ ወርቅ ቤቱም ጥጉም የለም። «ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት» ይሉኛል፤ ፎቶ ቤቱ ሄዶ ፊት ለፊቱ ብቻ ቀርቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የእግረኛው ንጣፍ ዱላዬን ያንሸራትታታል እንጂ ያምራል። አልተቃወምኩም። መቃወምም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ያለችኝን ጉልበት ለዳገት ነው የማስቀምጣት። ባለፈው ሐሙስ ዳገቱን የወጣሁትም ሰፈሩ ናፍቆኝ ሳይሆን እትዬ ለተብርሃን ስለጠሩኝ ነው።

እትዬ ለተብርሃን የወጣትነት ጓደኛዬ የኪዳኔ ታላቅ እህት ናቸው። ቤተሰቡ ከአክሱም በኩል የመጣ ነው፤ እኔ ሳውቃቸው ግን እሪ በከንቱ ውስጥ ከከተሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። ዛሬ ከዚያ ሰፈር የቀሩት ጥቂት ቤቶች ናቸው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የእሳቸው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት በከተማው ዳር ዳር ተበትኗል። ለእሳቸውም ደርሷቸዋል፤ ቁልፉን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። እንቢ ያሉት ለቤቱ ሳስተው አይደለም፤ ቤቱማ ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይዘንባል። ኪዳኔ በዚያ በክፉው ጊዜ ከአገር እንደወጣ አልተመለሰም፤ የሚያውቀው በር ደግሞ ያንን ብቻ ነው። «ሲመጣ ማንን ይጠይቃል?» ይላሉ። ይህን ሲሉ የቀበሌ ሰዎች እንኳ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ ይባላል። እሮብ ማታ ደወሉልኝና፣ «ግርማ፣ የምጠይቅህ ነገር አለ። ሰኞ ያፈርሱታል፤ ሳይፈርስ ና። በስልክ የሚባል አይደለም» አሉኝ።

ከቀጠሮዬ በፊት ስለደረስኩ፣ ቁልቁለቱን ሳልጀምረው ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ አንዲት ማኪያቶ ቤት ገባሁ። እኔ በሃምሳ ሳንቲም በጠጣሁበት ጎዳና አሁን ለአንድ ስኒ የሚጠይቁት ያኔ ኮት ያሰፋ ነበር። አጠገቤ ሁለት ወጣቶች ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር ጥለው ይከራከራሉ፤ ከአራት ኪሎ የመጡ ተማሪዎች ይመስሉኛል። ስለ ኳስ ነው ብዬ ጆሮዬን ነፍጌያቸው ነበር። ኋላ «ኦልቬራ» የሚል ስም ሰማሁና ስኒዬን አስቀመጥኩ።

«ልቦለዶቹ አይቆጠሩም እኮ» ይላል ልጁ። «የፊልሙ ኩባንያ ራሱ ሰርዟቸዋል። የድሮዎቹ በሙሉ ካነን አይደሉም።»

«ለኔ ይቆጠራሉ» ትላለች ልጅቷ። «ታሬምን የወደድኩት በልቦለዱ ነው፤ ፊልሙ ላይማ ሁለት ቃል ቢናገር ነው። ደሞ ኩባንያው ማን ስለሆነ ነው የሚሰርዘው፣ ሲኖዶስ ነው እንዴ?»

ሳላስበው ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርታ ልጆቼ፤ ታሬም አሁን ምን ሆነ ነው የሚባለው?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አባባ፣ ኦልቬራን ያውቋታል?» አለችኝ ልጅቷ።

«ገና የቆርቆሮ መርከብ ሳለች ጀምሮ።»

ሳቁ። ልጅቷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «ተመልሶ ሊመጣ ነው» አለችኝ። «በአዲሱ ፊልም። ማስታወቂያው ላይ ፂሙ ነጭ ሆኖ ታይቷል።»

«ሳይሞት?»

«ሳይሞት። ሞተ አልሞተ የሚያሰኘው ልቦለዱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ይኸው ተሰርዟል።»

መልካም ነው ብያት ወደ ስኒዬ ተመለስኩ። ድካም ተሰማኝ፤ የዳገቱ ድካም ግን አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ሲከነክነኝ የኖረውን ነገር አንድ ኩባንያ፣ የት እንዳለም የማላውቀው፣ በአንድ ማስታወቂያ ጨርሶት ቁጭ አለ።

ኦልቬራ ወደ ፒያሳ የመጣችው ሌላው ዓለም አይቷት ከሰለቸችው በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም እኛ ጋ የሚደርሰው እንደ ልባሽ ጨርቅ፣ ሌላው ለብሶ ከጣለው ወዲያ ነበር። በየመሃሉ ይበጠሳል። ሲበጠስ አዳራሹ በሙሉ «ሌባ!» እያለ ያፏጫል፣ ፊልም አጫዋቹ ለጥፎ ሲያስቀጥለው ሜዲስ የምትባለው ካፒቴን የጀመረችውን ንግግር ጨርሳ ፊቷን አዙራለች። ምን እንዳለች አናውቅም፤ እርስ በርሳችን ፈጥረን እንሞላዋለን። ሲኒማ የምንገባው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ርካሹ ወንበር ፊት ነው፣ አንገት ቆልምሞ የሚያሳይ። ቤልቦተም ሱሪያችን የፒያሳን አቧራ እየጠረገ ነው የምንሄደው፤ ጫማው ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ፀጉሩ የበር ጉበን የሚነካ። ጥጉ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ ጎዳናው አዙሮ ሳክስፎን ያስለቅሳል፤ ከሚገዛው ቆሞ የሚሰማው ይበልጣል። የቦምቦሊኖ ዘይትና የጫማ ቀለም አንድ ላይ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬ ቢሸጥልኝ እገዛው ነበር፤ ማኪያቶ ቤቷ ውስጥ የሚሸተው ግን የወለል ማጽጃ ነው።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። ኦልቬራ በከዋክብት መካከል የምትመላለስ መርከብ ናት። ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የሚያሻግር የብርሃን በር አለ። በመጨረሻ ጠላት ደርሶ መርከበኞቹ በበሩ ሲያመልጡ፣ በሩ እንዳይዘጋ መዘውሩን ይዞ የሚቀረው ታሬም የሚባለው አብራሪ ነው። ሁሉም ያልፋሉ፤ ብርሃኑ ይበዛል፤ ወዲያው የአዳራሹ መብራት በርቶ ጠራጊዎቹ ይገባሉ። ታሬም ሞተ ወይስ ዳነ? ፊልሙ አይናገርም። እኛ ሦስታችን፣ ኪዳኔ፣ ዘውዴና እኔ፣ ከዚያ አዳራሽ ወጥተን እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ሄደን ስንመለስ መጨቃጨቅ ጀመርን፤ የዚያ ጭቅጭቅ ዕድሜ ከወዳጅነታችን ዕድሜ በለጠ።

ቀሪውን የሚናገሩት ልቦለዶቹ ነበሩ። ፊልሙ ከተወደደ በኋላ፣ ተቀጥረው የሚጽፉ ሰዎች በዚያው ዓለም ውስጥ ሌላ ሌላ ታሪክ እየጨመሩ የሚያወጧቸው፣ ሽፋናቸው ላይ የፊልሙ ፎቶ የተለጠፈ ወፍራም ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ደረጃ ሥር የተወሸቀ አሮጌ መጽሐፍ አከራይ በስሙኒ ያከራየናል። እንግሊዝኛው ከሦስታችን የሚሆንለት ኪዳኔ ብቻ ነው፤ አራት ኪሎ ሳይንስ ይማራል። ዘውዴ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሱሪ ቁጥር አያልፍም፣ ምላሱን ግን የአራዳ ልጅ ሁሉ ይፈራዋል። እኔ ማታ እየተማርኩ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ አመላልሳለሁ። ስለዚህ ልቦለዶቹን የምናነባቸው በኪዳኔ አፍ ነበር። እሪ በከንቱ፣ እናታቸው እማማ ዝማም ሳሎን ውስጥ፣ ኪዳኔ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዐይኑ እንግሊዝኛውን እየተከተለ አፉ አማርኛውን ያወጣዋል። ቃል አይፈልግም፣ አይደናቀፍም። ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ለተብርሃን የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ኦልቬራ ስትነሳ የሞተሯን ድምፅ የሰጠችን ያቺ መኪና ናት ብል ውሸት አይደለም።

ልቦለዶቹን የሚመለከት አቋም ነበረን፤ የዛሬ ልጆች ብቻ ያላቸው መስሏቸው ይሆናል። ስሙን ያወጣልን ኪዳኔ ነው። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው ስለሆነ፣ «ፊልሞቹ ሰማንያ አሐዱ ናቸው፤ ልቦለዶቹ አዋልድ ናቸው» አለ። አዋልድ መጽሐፍ ይነበባል፣ ይጠቅማል፣ ይወደዳል፤ ከሰማንያ አሐዱው ጋር ከተጋጨ ግን ዝም ይላል። ልጁ «ካነን አይደለም» ያለውን እኛ «አዋልድ ነው» ብለን ጨርሰነዋል። ዘውዴ ግን አዋልድ የሚለውም ክብር በዛባቸው ባይ ነበር። ሜዲስ በፊልሙ ዐይኗ ጥቁር ነው፤ በሁለተኛው ልቦለድ አረንጓዴ ሆነ። በዚያ ዐይን ሰበብ ዘውዴ አንድ ክረምት ሙሉ ተቆጣ። «ፊልሙን ሳያይ የጻፈ ሰው ነው» ብሎ አከራዩን ኪራዬን መልስልኝ አለው፤ አከራዩም «ዐይኗን እኔ አልቀባሁት» ብሎ አሰናበተው። እኔ ደግሞ ልቦለዶቹን ከፊልሙ አብልጬ እወድ ነበር። ፊልሙ ጦርነቱን ያሳያል እንጂ መርከበኞቹ ምን እንደሚበሉ፣ ሲኳረፉ የት እንደሚተኙ፣ ያጠቡትን ካልሲ የት እንደሚያሰጡ አይነግርም። ልቦለዶቹ ይነግራሉ። ካልሲ የሚያሰጣ ሰው ሲሞት ነው የሚያሳዝነኝ፤ ይኼ አቋሜ ዛሬም አልተለወጠም።

ሦስተኛው ልቦለድ ሲመጣ ነው ጉዱ የፈላው። ሽፋኑ ግማሹ ተቀዷል፤ ታሬም በሩ ጋ ከቀረ በኋላ የሆነውን የሚተርክ እሱ ነው። ኪዳኔ ለብዙ ቀናት ከሰዓት ከሰዓት አነበበልን። ታሬም ብቻውን በሩን ይዞ ስለሚያስበው፣ ክንዱ እንዴት እንደዛለ፣ የእናቱን ቤት ደረጃ በልቡ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ። በመጨረሻው ቀን የስፌት መኪናዋ ከመጋረጃው ወዲያ እንደወትሮዋ ትጮኻለች። ኪዳኔ የመጨረሻውን መስመር እንዲህ አለ፦ «ታሬም እጁን ከመዘውሩ ላይ አነሳ። ከዚያም አረፈ።» መጽሐፉን ዘጋው።

«ሞተ ማለት ነው» አለ ዘውዴ ወዲያው።

«ኧረ አረፈ ነው ያለው» አልኩት። «ደክሞታል፣ እጁን አነሳ፣ አረፈ። ምን ያህል ሰዓት በሩን ይዞ የቆመ ሰው ነው።»

«አረፈ ማለት ሞተ ማለት ነው፣ ሞኝ አትሁን። ሞተ ለማለት አፉ እንቢ ያለው ሰው አረፈ ይላል።»

«እንግዲያው እናትህ 'አርፈህ ተቀመጥ' ስትልህ ሙት ማለቷ ነው?»

«የአባቴን አርጩሜ ብታውቀው አትጠይቀኝም ነበር።»

«ዓረፍተ ነገር ሲባልስ? ነገሩ አረፈ ማለት እንጂ ነገሩ ሞተ ማለት ነው?»

«ያንተማ ሁሌም ሞቶ ነው የሚወጣ» አለኝ፤ ኪዳኔ እንኳ ሳቁን መያዝ አልቻለም። እንግሊዝኛውን ንገረን ብለን ያዝነው። «እንግሊዝኛውም እንደኛው ነው፤ ወደ ሁለቱም ያስኬዳል። መጽሐፉ ያላለውን እኔ አልልም» አለን። መጽሐፉን ከመለሰው በኋላ ሌላ ሰው ተከራይቶት በዚያው ጠፋ፤ እኛም ከአንድ ቃል ጋር ቀረን። ለወራት በየደረስንበት ተነታረክን። ዘውዴ ከዚያ ወዲያ ቃሏን ለራሱ ወሰዳት፤ በእሱ አፍ የተበላሸ ነገር ሁሉ አረፈ ሆነ። ባትሪው አርፏል። ጫማዬ ሶሉ አርፏል። የሰፈሩ አምፖል ሲቃጠል «ነፍስ ይማር፣ አረፈ» ይላል። የማይሠራ ሬዲዮ ሲያሳዩት፣ ደንበኛ ሊያሰፋው ያመጣው ልብስ ይመስል አገላብጦ ያየውና፣ «ይኼ ካረፈ ቆይቷል» ብሎ ለባለቤቱ ይመልስለታል። ሰው ቤት ለገባ እንግዳ ግን «ከተመ» ነው የሚለው። የእሱ ሰፈር ልጆችም ያዙት፤ እኔን ለማብሸቅ እንደሆነ ባውቅም እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ብዙም የሚወራ አይደለም። ወጣት መሆን ራሱ የሚያስጠይቅበት፣ ሰው መብራቱን በጊዜ አጥፍቶ ጆሮውን በር ላይ የሚያደርግበት ጊዜ መጣ። ሲኒማው የሚያሳየው ፊልም ተለወጠ፤ አከራዩ ደረጃ ሥሩን ለቆ ሄደ፤ ፀጉራችንን ተቆረጥን። አንድ ማለዳ ኪዳኔና ዘውዴ አብረው ጠፉ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ አለመናገር የዚያን ጊዜ ወዳጅነት ነበር። ቆይቶ እማማ ዝማምን ስጠይቅ፣ «ሱዳን ነው፣ ደኅና ነው» አሉኝ። ዓመት ካለፈ በኋላም ስጠይቅ «ሱዳን ነው» አሉኝ። ዘውዴ ወደ አንድ የአረብ አገር ተሻግሮ እዚያው በመኪና አደጋ መሞቱን ሰማን፤ የእሱን ለቅሶ አባቱ ቤት ተቀምጠናል። ኪዳኔ ግን በእናቱ ቤት አልሞተም። እማማ ዝማም እስኪያልፉ ድረስ ስለ እሱ ሲያወሩ «ይወዳል» ይላሉ እንጂ «ይወድ ነበር» ብለው አያውቁም። እኔም በዓል በመጣ ቁጥር እዚያ ቤት እሄዳለሁ፣ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ይህን አልጠይቅም።

ማኪያቶዬን ጨርሼ፣ ለወጣቶቹ እጄን አንስቼ፣ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ወረድኩ። የማውቀው መተላለፊያ የለም፤ ግራና ቀኙ ፍርስራሽ ሆኖ መሬቱ ሜዳ መስሏል፣ የአንዱ ቤት ሰማያዊ ግድግዳ ከነምስማሩ ቆሟል። የእትዬ ለተብርሃን ቤት ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው። በሩን ስገፋው ሲጢጥ አለ፤ ዘወትር እንደሚያደርጉት ካሉበት ቀና ብለው ማን እንደገባ አዩ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ዕቃው ተሸክፎ በጨርቅ ታስሯል፣ ሳሎኑ ውስጥ ያልታሰረው የኪዳኔ አልጋ ብቻ ነው፤ አንሶላው እንደተወጠረ።

«ተቀመጥ ግርማ» አሉኝ። «የምጠይቅህ ስለ ዘውዴ ነው።»

«ዘውዴ?»

«እኛ ለሰው ሱዳን ነው እያልን የኖርነው ምን ሰምተን እንደሆነ አታውቅም። ለማንም አልተናገርንም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በር ድረስ መጣ፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። እማዬ ነች የከፈተችለት፣ እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። 'ዘውዴ የሚባል ልጅ ልኮኝ ነው፤ ኪዳኔ ሱዳን፣ ከሰላ አርፏል በላቸው ብሎኛል' አለና ሄደ። ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለውም።»

ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ።

«እማዬ ተመስገን አለች» አሉ። «ልጄ ማረፊያ አገኘ አለች። የሚያርፈው እንግዳ ነው አለች። ለወጣት ደግሞ አረፈ አይባልም፤ ለወጣት ሞተ ነው የሚባለው። እኔም እሷን ይዤ ኖርኩ። በትግርኛውም ያው ነው፣ ዓሪፉ ቢሉህ ወደ ሁለቱም ይሄዳል። ማንን እጠይቃለሁ? ሹፌሩ ሄደ፣ ዘውዴ በዚያው ቀረ።» አጠገባቸው ያለውን ጥቅል ቋጠሮ ጠበቅ አደረጉት። «ባለፈው ሳምንት ዕቃ ስሸክፍ ትዝ አለኝ። ያኔ እዚህ ቁጭ ብላችሁ፣ በዚያ በሰማይ መርከብ መጽሐፍ፣ በዚሁ ቃል ስትጣሉ እሰማ ነበር። አንዱ ሞተ ይላል፣ አንዱ ዕረፍት ነው ይላል። ማን ምን እንደሚል ግን የስፌቱ መኪና አላሰማኝም። አንተ ታውቃለህ። ዘውዴ በየትኛው ወገን ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ያ ሁሉ ወጣትነት፣ አረንጓዴው ዐይን፣ የካልሲው ነገር፣ በሳቅ የፈረስንበት ሁሉ እዚህ ቤት አንድ ሌላ ሥራ ሲጠብቅ ኖሯል። መዋሸት እችላለሁ። የኔን ወገን ለዘውዴ ብሰጠው የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁለቱም የሉም። ግን እንዲያ ብላቸው ሴትዮዋ ሰኞ ከአፍራሹ ማሽን ፊት ይቆማሉ፤ ቢያነሷቸውም በማያውቁት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው የፈረሰ በር ይጠብቃሉ። ልጅቷ ያለችኝ ነጭ ፂም መጣብኝ። ታሬም የሚመልሰው ኩባንያ አለው፤ ኪዳኔ የለውም። ደግሞም ዘውዴን ሰማሁት፦ ሞተ ለማለት አፉ እንቢ ያለው ሰው አረፈ ይላል። ያን ቀን ከሰላ ላይ፣ ያ አራዳ፣ ሹፌሩ ፊት ቆሞ አፉ እንቢ ብሎት ይሆናል። ልቤ አዘነለት፤ ከኪዳኔም እኩል አዘነለት።

«ሞተ ነበር የሚለው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ከዚያም በኋላ ቃሏን ለሞተና ለተበላሸ ነገር ካልሆነ ብሏት አያውቅም።»

«ለእንግዳስ? ሰው ቤት ለገባ?»

«ለእሱ 'ከተመ' ነበር የሚለው። እንዲያ ቢሆን ኪዳኔ ከሰላ ከትሟል ይል ነበር።»

አልጮሁም። «እምም» አሉ። የተሸከፈውን ጨርቅ ፈትተው ነጠላቸውን አወጡ፤ ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ለበሱት። ከዚያ ወደ አልጋው እያዩ፣ «ፍራሹን አውርድልኝ» አሉኝ። ጉልበቴም ጉልበታቸውም ደካማ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ አንዱን እሳቸው ይዘን የኪዳኔን ፍራሽ ወለል ላይ አነጠፍነው። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት ሰሚት ነው፣ ጎሮ ነው፣ ኮዬ ነው። የእድሩ ድንኳን የት እንደሄደ አይታወቅም፤ ጡሩንባ የሚነፋ የለም።

«ሰው የለም ብዬ አልተወውም» አሉ። «ለቅሶ ለቅሶ ነው። አንተ ወጥተህ እንደ ለቀስተኛ ከውጭ ግባ።»

ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ፍርስራሹ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ከወዲያ ማዶ የመንገድ ሠራተኞች ምሳቸውን ይበላሉ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ በትግርኛ፣ «ሓወይ» እያሉ፣ ወንድሜ ወንድሜ እያሉ። ጥቂት እንዲያለቅሱ ተውኳቸውና በሩን ገፋሁት። ሲጢጥ ሲል፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ከለቅሷቸው መሃል ቀና ብለው አዩ።

እኔ ነበርኩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።